ክር ይቅደም ወይስ ብሩሽ? የጥርስ ጽዳት ቅደም ተከተልና የማስረጃችን ልክ

በፋኩልቲያችን የሕዝብ ትምህርታዊ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ። ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ ሲሆን ለንባብ እንዲመች መጠነኛ ማስተካከያ ተደርጎበታል።



የዛሬው ርእሴ ትንሽ ይመስላል። መርሐ ግብሩን የሚያስተባብሩት ባልደረባዬ ርእሱን ሲሰሙ፣ «ዶክተር፣ ስለዚህ ጉዳይ አንድ ሰዓት የሚሞላ ነገር አለ?» ብለውኝ ነበር። ጥያቄው እንዲህ የሚል ነው፦ አንድ ሰው ማታ ከመተኛቱ በፊት ጥርሱን ሲያጸዳ፣ ፍሎስ በመባል የሚታወቀውን የጥርስ ክር ያስቀድም ወይስ ብሩሹን?

ጥያቄውን ያነሣሁት እኔ አይደለሁም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በትምህርት ክፍለ ጊዜ መጨረሻ ላይ እጇን አውጥታ ጠየቀችኝ። እኔም ሳላመነታ፣ «ቅደም ተከተሉ ለውጥ አያመጣም፤ ዋናው ነገር ሁለቱም መደረጋቸው ነው» ብዬ መለስኩላት። እሷ ግን አልተቀመጠችም። «ይቅርታ መምህር፣ ይህ በጥናት የተገኘ ነው ወይስ የእርስዎ አስተያየት?» አለችኝ። ክፍሉ ጸጥ አለ። እውነቱን ለመናገር፣ የመለስኩላት እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ የሰማሁትን ነበር። ለብዙ ዓመታት አስተማርኩት እንጂ አንድም ቀን አልመረመርኩትም። የዛሬው ንግግሬ እንግዲህ ለእሷ የዘገየ መልስ ነው።

መልሱን በሁለት ከፍዬ አቀርባለሁ። አንደኛው ስለ ጥርስና ስለ ድድ ነው። ሁለተኛው አንድ ነገር «ተጠንቷል» ስንል ምን ያህል እንደምናውቅ የሚመለከት ነው። ሁለቱ ተለያይተው የሚሄዱ አይደሉም።

በሁለት ጥርሶች መካከል ያለው ምንድን ነው?

እያንዳንዱ የመንጋጋ ጥርስ አምስት ገጽ አለው። አንዱ ወደ ጉንጭ፣ አንዱ ወደ ምላስ ያያል፤ ሦስተኛው የምናኝክበት ነው። የቀሩት ሁለቱ ከፊቱና ከኋላው ካሉት ጎረቤት ጥርሶች ጋር የሚነካኩት የጎን ገጾች ናቸው። ብሩሻችን የቱንም ያህል ጥሩ፣ እጃችንም የቱንም ያህል የሠለጠነ ቢሆን፣ የብሩሽ ጸጉር በሚገባ የሚደርሰው ለሦስቱ ገጾች ብቻ ነው። ጥርሶች በጠባቡ በሚገናኙበት ስፍራ አይገባም። ሙሉ 32 ጥርስ ያለው ሰው በላይኛው መንጋጋ 15፣ በታችኛው 15፣ በድምሩ 30 እንዲህ ያሉ መገናኛዎች አሉት።

በእነዚህ መገናኛዎች የሚቀረው የምግብ ትርፍራፊ ብቻ ይመስለናል። ሥጋ ወይም የቆሎ ገለፈት ሲሰካብን ስቴኪኒ እናነሣለን፤ የመሰካቱ ስሜት ሲጠፋም ጽዳቱ ያለቀ ይመስለናል። ዋናው ጉዳይ ግን የማይሰማን ነገር ነው። በጥርስ ገጽ ላይ ዘወትር የሚፈጠር፣ በሙያው ፕላክ የሚባል፣ የሚያጣብቅ ስስ ሽፋን አለ። ፕላክ እርስ በርሳቸውና ከጥርሱ ጋር ተጣብቀው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ማኅበር ነው። በውኃ ተጉመጥሙጦ አይለቅም፤ የግድ መፋቅ አለበት።

ይህን ማኅበር መጀመሪያ ካዩት ሰዎች አንዱ የኔዘርላንዱ አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ ነበር። ጥርሱን በጨው እያሸ የሚያጸዳ ሰው ነበር። ሆኖም ከጥርሶቹ መካከል ያልጠራ ነጭ ነገር አገኘ። ያንን በገዛ እጁ በሠራው ማጉያ መነጽር ሲመለከት፣ ሕይወት ያላቸው ጥቃቅን ፍጥረታት ሲንቀሳቀሱ አየ። ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1683 ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ በደብዳቤ አስታወቀ። ልብ በሉ፤ ጥርሱን የሚንከባከብ ሰው እንኳ ያላጸዳው ስፍራ የጥርሶቹን መካከል ነው። ከዚያ ወዲህ ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ ቢያልፉም ስፍራው አልተለወጠም።

ፕላክ ሁለት ዓይነት ጉዳት ያደርሳል። የመጀመሪያው በጥርሱ ላይ ነው። የአገራችን ሰው ጥርሱ ሲቦረቦር «ትል በላው» ይላል። ትል የለም፤ የሚበላ ነገር ግን አለ። በፕላክ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ከምግባችንና ከመጠጣችን የሚያገኙትን ስኳር ወደ አሲድ ይለውጣሉ። የአሲድነት መለኪያው፣ ፒኤች የሚባለው፣ ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ፣ ኢናሜል የተባለው የጥርስ ውጫዊ ሽፋን ካልሲየምና ፎስፌት መልቀቅ ይጀምራል። ምራቅ አሲዱን ሲያረግበው ደግሞ ከማዕድኑ ከፊሉ ወደ ቦታው ይመለሳል። በየቀኑ በእያንዳንዱ ጥርስ ላይ ይህ ወጪና ገቢ ይካሄዳል። ወጪው ከገቢው ሲበልጥ ጥርሱ ይቦረቦራል። በጥርስ ሳሙና ውስጥ ያለው ፍሎራይድ የሚሠራውም በዚሁ ሒሳብ ላይ ነው፦ ማዕድኑ እንዲመለስ ያግዛል፤ የታደሰውንም ኢናሜል አሲድን በይበልጥ እንዲቋቋም ያደርገዋል። ይህን እንዲያደርግ ግን አሲዱ ባለበት ስፍራ መገኘት አለበት። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ ቅደም ተከተሉ ጥያቄ ስንመለስ ያስፈልገናል።

ድድ ሲደማ

ሁለተኛው ጉዳት በድድ ላይ ነው። እዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ1965 ሃራልድ ሉና ባልደረቦቹ በዴንማርክ አካሂደው ያሳተሙትን ጥናት ማንሣት ግድ ይላል። 12 ጤናማ ድድ ያላቸው ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት ሙሉ በሙሉ እንዲያቆሙ ተደረገ። ከ10 እስከ 21 ባሉት ቀናት ውስጥ የሁሉም ድድ ተቆጣ። ጽዳቱን እንደገና ሲጀምሩ በአንድ ሳምንት ገደማ ውስጥ ድዳቸው ወደ ጤናው ተመለሰ። የተሳታፊዎቹ ቁጥር ትንሽ ነው፤ ውጤቱ ግን በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት፣ በመጣበት መንገድም የሚመለስ ስለነበር የሙያችን መሠረት ሆኖ ቀርቷል።

ከዚህ የምንማረው፣ የድድ ብግነት በመጀመሪያው ደረጃ የሚመለስ መሆኑን ነው። ሳይታከም ከቆየ ግን በአንዳንድ ሰዎች ላይ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ጥርስን የያዘውን አጥንት ይበላል፤ የተበላው አጥንት ደግሞ በጽዳት ብቻ አይመለስም። ሲጋራ የሚያጨሱና የስኳር ሕመማቸው ቁጥጥር ያልተደረገበት ሰዎች ለዚህ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው።

እዚህ ላይ ከቤቴ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እናቴ በልጅነቷ፣ በአካባቢዋ ለቆነጃጅት ይደረግ እንደነበረው፣ ድዷን ተነቅሳለች። ድዷ ጥቁር፣ ጥርሷ ነጭ ነበር፤ ስትስቅ ያምርባት ነበር። ዕድሜዋ ስልሳዎቹ ውስጥ ሲገባ የታችኛው የፊት ጥርሶቿ አንድ በአንድ ይነቃነቁ ጀመር። አንዱም የተቦረቦረ አልነበረም። እኔ በየበዓሉ እየሄድኩ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ እበላ ነበር። ተማሪዎቼን «የተቆጣ ድድ ይቀላል» ብዬ አስተምራለሁ፤ የእናቴ ድድ ግን ቀልቶ ስላላየሁት ጤነኛ መሰለኝ። በንቅሳት የጠቆረ ድድ መቅላቱን እንደማያሳይ ማሰብ ነበረብኝ፤ አላሰብኩም። ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ «እማዬ፣ ድድሽ ይደማል እንዴ?» ብዬ ጠየቅኋት። «ኧረ ልጄ፣ ዓመታት አለፉት። ስፍቀው እየደማ ስላስቸገረኝ መፋቁን ተውኩት» አለችኝ።

እናቴ ያደረገችው አብዛኛው ሰው የሚያደርገውን ነው። ድድ ሲደማ የቆሰለ ይመስለንና እንዲያርፍ እንተወዋለን። ብዙውን ጊዜ ግን የሚደማው ስላልጸዳ ነው። ስንተወው ፕላኩ ይበዛል፤ ብግነቱም ይብሳል። ክር የጀመረ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ድዱ ቢደማበት በጥንቃቄ መቀጠል እንጂ ማቆም የለበትም። ደሙ ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት የማያቋርጥ ጽዳት በኋላም ካልቆመ ወደ ጥርስ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። እናንተ የወደፊት ሐኪሞችም የተነቀሰ ድድ ያላት እናት ስትመጣላችሁ በዓይናችሁ ብቻ አትመኑ፤ ጠይቋት። አጫሽ ከሆነ ሰው ጋር ደግሞ በደሙ አለመኖርም አትታለሉ፤ ማጨስ የድድን መድማት ይቀንሳልና።

ሁለቱ ወገኖች

አሁን ወደ ተማሪዋ ጥያቄ እንመለስ። ብሩሽ ይቅደም የሚሉ ወገኖች እንዲህ ይሟገታሉ፦ መጀመሪያ ብንቦርሽ በአፋችን ውስጥ ፍሎራይድ ያለበት አረፋ ይኖራል፤ ክሩ ከዚያ በኋላ ሲገባ አረፋውን እየገፋ ወደ ጥርሶቹ መካከል ያስገባዋል። ክር ይቅደም የሚሉት ደግሞ እንዲህ ይላሉ፦ ክሩ ፕላኩን ከጎን ገጾቹ ላይ ይፍቀዋል፤ ይበታትነዋልም። የተበታተነውን ብሩሹና ምራቁ ጠርገው ያወጡታል፤ በጸዳው መንገድም ፍሎራይዱ ይገባል። ብሩሹ ከቀደመ ግን ክሩ የፈነቀለው ቆሻሻ እዚያው ይቀራል፤ ፍሎራይዱም የተዘጋ በር ያጋጥመዋል።

ሁለቱም ክርክሮች ስሜት ይሰጣሉ። በዚህ ምክንያት ነው በክርክር ብቻ መፍረድ የማይቻለው። አእምሯችን ስሜት የሚሰጥን ነገር እንደተረጋገጠ አድርጎ መያዝ ይወዳል፤ እኔም ለተማሪዋ የመለስኩላት በዚህ መንገድ ነበር።

ጥያቄው በቀጥታ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2018 «ጆርናል ኦቭ ፔሪዮዶንቶሎጂ» በተባለው መጽሔት የታተመ፣ በኢራን ማሽሃድ ከተማ የተካሄደ ጥናት አለ። ተሳታፊዎቹ 25 የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ነበሩ። ለ48 ሰዓት ጥርሳቸውን ሳያጸዱ ቆዩና በአንዱ ዙር ብሩሽ አስቀድመው ክር አስከተሉ፤ በሌላው ዙር ደግሞ ክር አስቀድመው ብሩሽ አስከተሉ። በሁለቱ ዙሮች መካከል የሁለት ሳምንት ክፍተት ነበር። እያንዳንዱ ሰው ሁለቱንም ቅደም ተከተል ስለሞከረ፣ የሚነጻጸረው ከራሱ ጋር ነበር ማለት ነው።

ውጤቱ ክር ለማስቀደም አደላ። ክር በቀደመበት ዙር በጥርሶች መካከል የነበረው ፕላክ ይበልጥ ቀነሰ፤ በዚያው ስፍራ የቀረው የፍሎራይድ መጠንም ከፍ አለ። ያዙልኝ ያልኳችሁ ነጥብ እዚህ ላይ ይመጣል፤ ፍሎራይድ የሚጠቅመው አሲዱ ባለበት ስፍራ ሲገኝ ነውና።

እንግዲህ ለተማሪዋ የሰጠሁት መልስ ትክክል አልነበረም ልበል? ቸኩዬ እንዲህም አልልም። ጥናቱ የተካሄደው በ25 ሰዎች ላይ ነው። እነሱም ክር አያያዝ የሚያውቁ የሙያው ተማሪዎች ናቸው፤ እንደ አብዛኛው ሰው አይደሉም። የተለካው ወዲያው ከጽዳት በኋላ ያለው ፕላክና ፍሎራይድ እንጂ፣ ከዓመታት በኋላ የሚቦረቦሩት ጥርሶች ቁጥር ወይም የድዱ ጤና አይደለም። ፕላክ መቀነሱ ወደ ጤና የሚወስድ መንገድ ነው፤ መንገዱን ግን መድረሻው ነው ብለን መጥራት የለብንም። ስለዚህ በልኩ ስንናገር፣ ያለው ቀጥተኛ ማስረጃ ክር ማስቀደምን ይደግፋል፤ ማስረጃው ግን ትንሽ ነው። ክር ማስቀደም ተጨማሪ ወጪም ሆነ ጉዳት ስለሌለው፣ ትንሽ ማስረጃም ቢሆን ለመምረጥ ይበቃል።

እኔ አንድ ምክንያት እጨምርበታለሁ። ሰው ሲደክመው የሚተወው የመጨረሻውን ሥራ ነው። ማታ ቦርሾ የጨረሰ ሰው አፉ ስለሚቀዘቅዘውና የሳሙናው ሽታ ስለሚያረካው፣ ክሩን «ነገ» ብሎ መተው ይቀለዋል። ክሩን ያስቀደመ ሰው ግን ብሩሹን አይተውም፤ ብሩሽ ከልጅነት የተለመደ ነውና። ይህ፣ ተማሪዬ እንዳለችው፣ አስተያየት ነው፤ ጥናት አይደለም። ልዩነቱን እየተናገርኩ ማቅረቤ ከእሷ የተማርኩት ነው።

ክሩ ራሱ ይጠቅማል?

ከቅደም ተከተሉ የሚከብድ ጥያቄ ከኋላ አለ። የጥርስ ክር አዲስ ነገር አይደለም፤ ሌቪ ስፒር ፓርምሊ የተባለ የኒው ኦርሊንስ የጥርስ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1819 ባሳተመው መጽሐፍ የሐር ክር በጥርሶች መካከል እንዲገባ መክሯል። ሁለት መቶ ዓመታት ያህል የተመከረ ነገር በሚገባ ተፈትኖ ይሆናል ብለን እንጠብቃለን። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ ትልቅ ወሬ ሆነ፦ የመንግሥቱ የአመጋገብ መመሪያ ቀድሞ ያካትተው የነበረውን የክር ምክር መተዉ ታወቀ፤ ማስረጃውን የመረመረ አንድ የዜና ድርጅትም ደካማ ሆኖ አገኘው። ብዙ ሰው «እንግዲያው ክር አይጠቅምም» ብሎ ደመደመ።

ድምዳሜው ስሕተት ነበር። «እንደሚጠቅም የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ የለም» ማለትና «እንደማይጠቅም ተረጋግጧል» ማለት የተለያዩ ናቸው። የኮክሬን ተቋም እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው የጥናቶች ግምገማ 35 ሙከራዎችን መርምሯል። በብሩሽ ላይ ክር ወይም የጥርስ መካከል ብሩሽ መጨመር፣ ብሩሽን ብቻ ከመጠቀም ይልቅ የድድ ብግነትን ወይም ፕላክን ሊቀንስ እንደሚችል አመልክቷል። ነገር ግን የማስረጃውን እርግጠኝነት ዝቅተኛ ወይም በጣም ዝቅተኛ ብሎ መድቦታል። ሙከራዎቹ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታትና በወራት የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ የጥርስ መቦርቦር ግን ዓመታት ይወስዳል። ትናንሾቹ የጥርስ መካከል ብሩሾች ከክር የተሻሉ ሊሆኑ እንደሚችሉም ግምገማው ጠቁሟል።

ሌላ አስተማሪ ውጤት አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ግምገማ በሕፃናት ላይ የተደረጉ ሙከራዎችን ሲያነጻጽር፣ ባለሙያዎች በትምህርት ቀናት ሁሉ የሕፃናቱን ጥርስ በክር ባጸዱላቸው ጊዜ በጥርሶች መካከል የሚፈጠረው የመቦርቦር አደጋ በ40 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ልጆቹ ራሳቸው እንዲጠቀሙ በተተወላቸው ሙከራዎች ግን ጥቅሙ አልታየም። ክሩ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ያለው በእጁ ላይ ነው። ስለዚህ ቀጥሎ ስለ አሠራሩ መናገሬ እንደ ተራ ነገር እንዳይቆጠርብኝ።

አሠራሩ

ከክሩ አንድ ክንድ ያህል ቁረጡ። ጫፎቹን በሁለቱ የመሐል ጣቶቻችሁ ላይ ጠምጥሙና በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲ ሜትር ብቻ ወጥራችሁ ያዙ። በመገናኛው ላይ በኃይል አትጫኑት፤ እንደ መጋዝ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በዝግታ እያንቀሳቀሳችሁ አሳልፉት። ካለፈ በኋላ በአንደኛው ጥርስ ጎን ላይ ልክ እንደ ጨረቃ ማጭድ አጥፋችሁ አስደግፉት፤ ከድዱ ጠርዝ ጥቂት ዝቅ ካለው ስፍራ ጀምራችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ጥቂት ጊዜ ፋቁ። ከዚያ ሳታወጡ ወደ ጎረቤቱ ጥርስ አዙራችሁ ያንኑ ድገሙ። ብዙ ሰው ክሩን አስገብቶ ወዲያው ያወጣዋል፤ ይህ የተሰካ ሥጋ ያወጣ እንደሆነ እንጂ ፕላክን አይፍቅም። ለሚቀጥለው መገናኛ ንጹሑን የክር ክፍል ተጠቀሙ።

ቀጥሎ ብሩሽ። ጸጉሩ ለስላሳ ይሁን። በጥርሱና በድዱ መገናኛ ላይ 45 ዲግሪ ያህል አዘንብላችሁ ያዙትና በአጫጭር ለስላሳ እንቅስቃሴ ቦርሹ፤ ይህ በአሜሪካዊው ሐኪም ቻርልስ ባስ ስም የሚጠራው ስልት ነው። ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ስትጨርሱ አረፋውን ትፉ፤ አፋችሁን ግን በብዙ ውኃ አትጉመጥመጡ። መጉመጥመጥ በድካም ያስገባነውን ፍሎራይድ መልሶ ያጥበዋል። ብዙዎቻችን ያደግንበት ልማድ ተቃራኒው ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ይከብዳል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ይለመዳል።

ብሩሹ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ክሩ አንድ ጊዜ ይበቃል። ለሁለቱም የማታው ሰዓት ተመራጭ ነው፤ በእንቅልፍ ጊዜ ምራቅ ስለሚቀንስ ጥርስ ራሱን የሚከላከልበት አቅም ይደክማል።

በእኛ አገር

ይህ ሁሉ ክርና ብሩሽ በእጁ ላለ ሰው ነው። በአገራችን ክር በየሱቁ የሚገኝ፣ ዋጋውም ለሁሉ የሚደረስበት ዕቃ አይደለም። ብዙው ሰው ከወይራ፣ ከክትክታና ከሌሎችም ዛፎች የሚቆረጥ መፋቂያ ይጠቀማል። መፋቂያን መናቅ አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅትም መፋቂያ በተለመደባቸው አገሮች አጠቃቀሙ እንዲበረታታ መክሯል። ጫፉ በሚገባ ታኝኮ እንደ ብሩሽ ሲለሰልስና ወደ ውስጠኛው ገጽም ሲደርስ ፕላክ ይጠርጋል። ጉድለቱ ሁለት ነው፦ እንደ ብሩሽ ሁሉ በመገናኛዎቹ መካከል አይገባም፤ እንደ ጥርስ ሳሙናም ፍሎራይድ አያመጣም። መፋቂያውን ከተጠቀሙ በኋላ ጥቂት የጥርስ ሳሙና በንጹሕ ጣት ወይም በብሩሽ መቀባት ሁለተኛውን ጉድለት ይሞላል።

ስቴኪኒ የተሰካ ነገር ለማውጣት ያገለግላል፤ ክርን ግን አይተካም። መርፌ፣ የክብሪት እንጨትና የመሳሰለው ድድን ስለሚያቆስል መቅረት አለበት። ክር ማግኘት ያልቻለ ሰው ደግሞ ተስፋ አይቁረጥ፤ ፍሎራይድ ባለው ሳሙና በቀን ሁለት ጊዜ በጥንቃቄ መቦረሽ ከሁሉም የበለጠ ማስረጃ ያለው ተግባር ነው። ስኳር የሚወሰድበትን ጊዜ መቀነስም ገንዘብ አይጠይቅም።

ስለ ፍሎራይድ ስናወራ የስምጥ ሸለቆን ወገኖቻችንን ማሰብ ይገባናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ፍሎራይድ ነው። በስምጥ ሸለቆ በብዙ ስፍራ የጉድጓድ ውኃው ከዚህ ብዙ እጥፍ ይዞ ይገኛል። ጥርሳቸው በመፈጠር ላይ ያሉ ሕፃናት ይህን ውኃ ሲጠጡ ጥርሳቸው ይቡናማል፤ ከበዛም አጥንትን ይጎዳል። ለዚህ መፍትሔው ውኃውን ማስተካከል ነው። ሳሙናን በሚመለከት ደግሞ ሕፃናት እንዳይውጡት መጠኑን መወሰን ይገባል፦ ከሦስት ዓመት በታች የሩዝ ፍሬ ያህል፣ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት የአተር ፍሬ ያህል። ጥርስ ላይ ተቀብቶ የሚተፋ ፍሎራይድና በየቀኑ በብዛት የሚጠጣ ፍሎራይድ አንድ አይደሉም።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ

ተማሪዋ ዛሬ እዚህ ብትኖር እንዲህ እመልስላት ነበር፦ «ክሩን አስቀድሚ። ይህ ተጠንቷል፤ ጥናቱ ግን ትንሽ ነው። ነገ የተሻለ ጥናት ሌላ ቢያሳይ መልሴን እለውጣለሁ። ክርና ብሩሽ ያልቀደሙት ሰው ግን በቅደም ተከተሉ አትጨቅጭቂው፤ በመጀመሪያ ድዱ ይደማ እንደሆነ ጠይቂው።»

እናቴ ዛሬ የቀሩትን ጥርሶቿን በየማታው ታጸዳለች። በእኛ ምክር አልተመለሰላትም፤ የሄደው አጥንት አይመለስም። ድዷ ግን መድማቱን አቁሟል። ከእሷ የተማርኩት፣ ዕውቀት በማስተማሪያ ክፍል ውስጥ ብቻ ሲቀር ለባለቤቱ ቤት እንኳ እንደማይደርስ ነው።

ከታዳሚዎች ከቀረቡት ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ የአፍ መጉመጥመጫ መድኃኒት የምጠቀመው መቼ ነው?

መልስ፦ ከመቦረሽ ጋር አታያይዙት። ብዙዎቹ መጉመጥመጫዎች የያዙት ፍሎራይድ ከሳሙናው ያነሰ ስለሆነ፣ ከቦረሻችሁ በኋላ ወዲያው ብትጉመጥመጡ የበለጠውን በአነሰው ታጥባላችሁ። ከምሳ በኋላ ወይም በሌላ ሰዓት ይሁን። ሐኪም በተለየ ምክንያት ያዘዘላችሁ ከሆነ ግን የሐኪሙን ትእዛዝ ተከተሉ።

ጥያቄ፦ እኔ ለዓመታት ብሩሽ አስቀድሜ ክር አስከትያለሁ። ጥርሴን ጎድቻለሁ ማለት ነው?

መልስ፦ በፍጹም። በየቀኑ ክር የሚጠቀም ሰው በየትኛውም ቅደም ተከተል ከማይጠቀመው ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ከዛሬ ማታ ጀምሮ መገልበጥ ከቻሉ ይገልብጡት። ልማዱን የሚያፈርስብዎት ከሆነ ግን ልማዱን ይጠብቁ።